የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ሲቀር፣ ባቄላ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ፦ ለሐዋሳ ቤተሰቦች የሚሆን መመሪያ

ጉሮሮ ላይ የቀረ የዓሣ አጥንት፣ ልጅ አፍንጫው ውስጥ የከተተው ቦሎቄ፣ ሌሊት ጆሮ ውስጥ የገባች በረሮ፤ ሦስቱም የአንድ ሐኪም ሥራ ናቸው፣ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት። ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያከብደው ሐኪም ጋ ከመደረሱ በፊት ቤት ውስጥ የተሞከረው ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ ቦታው ገና አላበጠም፣ አልደማም፣ ልጁም ገና አልፈራም። ያንን ዕድል በፀጉር ሽቦ፣ በክብሪት እንጨት ወይም በቆጮ ጉርሻ ማባከን ያሳዝናል።

በቅድሚያ የሚለየው ጊዜው ነው። ሰውየው መሳል፣ መናገርና መተንፈስ ካቃተው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፤ እዚያው ይረዱታል እንጂ ሐኪም ፍለጋ አይኬድም። የሰዓት ወይም የሪሞት ክብ ባትሪ ከሆነ፣ የትም ይግባ የት፣ የሚቆጠረው በሰዓት ነው። የዓሣ አጥንት፣ ሳንቲም፣ አፍንጫ ውስጥ የገባ ማንኛውም ነገርና ጆሮ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነፍሳት በዚያው ቀን መታየት አለባቸው። ጆሮ ውስጥ የገባ፣ የማያምና የማያብጥ ነገር፣ ለምሳሌ ጨሌ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ፣ እስኪነጋ ቢያድር ግን ጉዳት የለውም። በስልክ መብራት ከመታገል ማደሩ በብዙ ይሻላል።

ሲታነቅ

ሰውየው በኃይል እየሳለ ከሆነ አይንኩት፤ ሳሉ ከእርስዎ እጅ የተሻለ መድኃኒት ነው። ድምፁ ከጠፋና በሁለት እጁ አንገቱን ከያዘ ወደፊት ጎንበስ ያድርጉትና በመዳፍዎ ታችኛው ክፍል በሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል 5 ጊዜ በኃይል ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው ቆመው ያቅፉት፤ አንድ እጅዎን ጨብጠው ከእምብርቱ ከፍ፣ ከደረት አጥንቱ ዝቅ ብሎ ያስቀምጡ፤ በሌላው እጅ ደርበው ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ይጫኑ። ነገሩ እስኪወጣ ወይም ሰውየው ራሱን እስኪስት ድረስ 5 እና 5 እያፈራረቁ ይቀጥሉ። ነፍሰ ጡርን ሆዷ ላይ አይጫኑ፤ ደረቷ መሐል ላይ ነው የሚጫኑት። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ክንድዎ ላይ በሆዱ አስተኝተው፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርገው ጀርባውን 5 ጊዜ ከመቱ በኋላ ገልብጠው በሁለት ጣት ደረቱን 5 ጊዜ ይጫኑ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት ወደ አፍ መክተት ነገሩን ወደ ታች መግፋት ነው። ሰውየው ከሳተ መሬት ላይ አስተኝተው ደረቱን መጫን ይጀምሩ፣ ጎረቤት ይጥሩ።

የዓሣ አጥንት

ሐኪሙ «ምን ዓሣ ነው የበሉት?» ብሎ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም። ከሐዋሳ ሐይቅ ወጥተው ገበታ ላይ የሚቀርቡት በዋናነት ሦስት ናቸው። ቆሮሶ የጎድን አጥንቱ፣ ከጭንቅላቱ ጀምሮ በጎኑ መሐል የተደረደሩት አጫጭር አጥንቶችና የጀርባ ክንፉ እሾሆች ናቸው የሚያስቸግሩት፤ ወፈር ስለሚሉ ግን ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሰው በምላሱ ያገኛቸዋል። ቢልጫ ከባዱ ነው። ሥጋው ውስጥ የተበተኑ፣ ጫፋቸው እንደ መንታ ቅርንጫፍ የተከፈለ ቀጫጭን አጥንቶች አሉት፤ አንዱ ጫፍ ሲሰካ ሌላው እንደ መንጠቆ ይይዛል። አምባዛ ሥጋው ውስጥ እንዲህ የተበተነ ቀጭን አጥንት ብዙም የለውም፣ የጎን ክንፉ እሾህ ግን ጠንካራና ጥርሳም ነው። «ቢልጫ ነው» የተባለ ሐኪም ቀጭንና በቀላሉ የማይታይ ነገር እንደሚፈልግ ያውቃል።

የአበሳሰሉም ነገር አለ። ጎኑ ተተልትሎ በዘይት የተጠበሰ ሙሉ ዓሣ አጥንቱ ስለሚታይ ከሚፈራው በታች ነው የሚጎዳው። ይበልጥ የሚያዘናጋው ተከትፎ የመጣው ነው፦ ጉላሽና ዱለት። አጥንቱ ከነሥጋው ተቆርጦ አጭር ይሆናል፣ ስጎው ደግሞ ይሸፍነዋል። ቤት ውስጥ ፍሌቶ ገዝተው የሚሠሩ ከሆነ ከመክተፍዎ በፊት ሥጋውን ሳህን ላይ ዘርግተው በጣት ጫፍ ከጭራ ወደ ጭንቅላት፣ ከዚያም መልሰው ይዳብሱት። የሚቆረቁርዎት መስመር ላይ ያሉትን በወረንጦ ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ ይንቀሉ፤ ወደ ጎን ከሳቡ ይሰበሩና ሥሩ ሥጋው ውስጥ ይቀራል።

ገበታ ላይ ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ እንመክራለን፤ ዓሣ ላይ ጉርሻ ይቅር። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን አጉራሹ በጣቱ ያልፈተሸውን ጎራሹ በምላሱ ሊፈትሽ አይችልም፣ አፍ ሞልቶ ሲገባ ምላስ መንቀሳቀሻ ያጣል። የላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ አባቶችና እናቶችም ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የጥርሱ ሰሌዳ ላንቃውን ስለሚሸፍነው አጥንቱ እዚያ ቢያርፍ አይሰማቸውም። ለልጅ የሚሰጥ ዓሣ በመብራት ሥር በትልቅ ሰው ጣት ተፈርክሶ ነው መቅረብ ያለበት።

ተሰካ እንበል። መብላት ያቁሙ፣ አፍዎ ውስጥ ያለውን ይትፉ፣ ቀስ ብለው ይሳሉ፣ ሁለት ሦስት ጉንጭ ውሃ ይጠጡ። እዚህ ላይ ያበቃል። የእንጀራ ጥቅልል፣ የቆጮ ጉርሻ፣ የዳቦ ልብ፣ ሙዝ መዋጥ በየቤቱ የሚመከር ነገር ነው፤ አንዳንዴ የሠራ የሚመስለውም አጥንቱ ቀድሞውኑ ስላለፈ ነው። ካላለፈ ግን የሚሆነው ይህ ነው፦ ቶንሲል ላይ ጫፉ ወጥቶ የቆመ፣ በወረንጦ በደቂቃ የሚነቀል አጥንት በጉርሻው ክብደት ወይ ሙሉ በሙሉ ሥጋው ውስጥ ይቀረቀራል፣ ወይ ይሰበርና ከላይ የሚታይ ነገር ያጣል፣ ወይ ደግሞ ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል። የመጨረሻው ከሆነ በተቀመጡበት የሚያልቀው ሥራ የቀዶ ጥገና ክፍልና ሙሉ ሰመመን የሚፈልግ ሆነ ማለት ነው። ኮምጣጤ፣ ሎሚና ለስላሳ መጠጥ አጥንቱን ለማሟሟት ቀናት ይፈልጋሉ፤ የተጫረውን ጉሮሮ ለማቃጠል ግን ጊዜ አይወስዱም። ጣት ከቶ ማስመለስም እንዲሁ ነው፤ ጉሮሮ ሲጨማደድ አጥንቱን ይጨብጠዋል።

ከዚያ ይመልከቱ። መስኮት አጠገብ ተቀምጠው አፍዎን በሰፊው ይክፈቱ፤ ሌላ ሰው በስልክ መብራት፣ ምላሱን በማንኪያ እጀታ ተጭኖ ግራና ቀኙን ቶንሲል ያይ። አጥንቱ ነጭ ክር ወይም የምራቅ ድር ይመስላል፤ ልዩነቱ ሲውጡ አለመንቀሳቀሱ ነው። ትልቅ ሰው ከሆኑ፣ ጫፉ በግልጽ ከታየና የሚያወጣልዎት ሰው እጁ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ንጹሕ ወረንጦ ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ ሊሞክር ይችላል። አንዴ ካልተያዘ ሁለተኛ የለም። ልጅ ላይ ከናካቴው አይሞከርም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ ምግብም ሆነ መጠጥ ይዝለሉ። ሰመመን ካስፈለገ ሆድ ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከንጹሕ ውሃ ቢያንስ 2 ሰዓት ነጻ መሆን አለበት፤ መንገድ ላይ የጠጡት ሻይ በወተት ወረፋዎን ወደ ማታ ሊገፋው ይችላል። የሚያምዎትን ቦታ በመዳፍ አያሳዩ፣ በአንድ ጣት ይጠቁሙ። ከማንቁርት በላይ፣ በአንድ ጎን፣ በዋጡ ቁጥር እዚያው ነጥብ ላይ የሚወጋ ከሆነ አጥንቱ ብዙ ጊዜ ቶንሲል ወይም የምላስ ሥር ላይ ነው፤ የጠቆሙት ጎንም አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ይሆናል። ከአንገት ሥር ወይም ከደረት በላይ መሐል ላይ ከተሰማዎት የምግብ ቧንቧው ይጠረጠራል፣ ቦታውንም በስሜት መለየት አይቻልም።

ምራቅ መዋጥ ካቃተዎት፣ ደም ከተፉ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ አንገትዎ ካበጠ፣ ከተኮሰዎት፣ ወይም ሕመሙ ወደ ደረትና ወደ ጀርባ ከሄደ ተመላላሽ ክፍል ወረፋ አይያዙ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። የምግብ ቧንቧን የበሳ አጥንት መግል ወደ አንገትና ወደ ደረት ውስጥ ያወርዳል፤ ይህ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

ስፔሻሊስቱ ምን ያደርጋል

አንድ ሐኪም በጠቅላላ ሕክምና ከተመረቀ በኋላ ለዚህ ሙያ እንደገና ለዓመታት በሬዚደንትነት ይማራል። ከሚማራቸው ብዙ ነገሮች መካከል ለእኛ ርዕስ ዋናው ጨለማና ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በሁለት እጅ መሥራት ነው። ግንባሩ ላይ የሚያስረው መብራት ለዚህ ነው። ጤና ጣቢያ ያለው የጆሮ መመልከቻ አንድ እጅ ይይዛል፤ የግንባር መብራት ሁለቱንም እጅ ነጻ ያደርጋል፣ ብርሃኑም ዓይኑ በሚያይበት አቅጣጫ ይሄዳል።

ለዓሣ አጥንት ሥራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው፤ ምን ዓሣ፣ ስንት ሰዓት፣ የት ጎን፣ ምን ተሞከረ። የተሞከረውን አይደብቁ። ቆጮ ከዋጡ፣ ወረንጦ ከተጠቀሙ ይናገሩ፤ ሐኪሙ የሚቆጣዎት ቢመስልዎትም የሚፈልግበትን ቦታ የሚወስነው ያ መልስ ነው። ከዚያ ምላስዎን ተጭኖ ቶንሲሎቹን ያያል። እዚያ ከሌለ ማደንዘዣ ይረጭልዎታል፣ መራራ ነው፣ ጉሮሮዎ ያበጠ ያህል ይሰማዎታል፤ ያላበጠ ስለሆነ አይደንግጡ፣ በአፍንጫዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። ምላስዎን በጋዝ ጨርቅ ይዞ ወደ ፊት ይስብና ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ ክብ መስታወት ወደ ኋላ ያስገባል። መስታወቷን አስቀድሞ ያሞቃታል፣ አለዚያ ትንፋሽዎ ጉም ያለብሳታል። «ኢ» በሉ ሲል «ኢ» ማለትዎ ማንቁርቱን ከፍ ስለሚያደርገው ተሸፍኖ የነበረው ጥግ ይገለጣል። ኢንዶስኮፒ ባለበት ቦታ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተጣጣፊ ቱቦ በአፍንጫ ገብቶ ያንኑ ያሳያል። አጥንቱ ከታየ ጫፉ ጎበጥ ባለ ረጅም ፎርሴፕስ (የሐኪም መቆንጠጫ) ይያዝና በገባበት አቅጣጫ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ የሚሰማዎት እፎይታ ቅጽበታዊ ነው።

ካልታየስ? የአንገት የጎን ራጅ ይታዘዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ራጁ ንጹሕ ነው» ሲባል ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ብዙ የዓሣ አጥንት ቀጭን ስለሆነ ራጅ ላይ አይወጣም። ሲቲ ስካን በብዙ ይሻላል። ሕመሙ ከቀጠለ በሙሉ ሰመመን በጠንካራ ቱቦ የምግብ ቧንቧው ይታያል፤ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ቧንቧው የሚጀምርበት የመጀመሪያው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፣ ከፊት ጥርስ 15 ወይም 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ።

ምንም ያልተገኘበት ሰውም ብዙ ነው። አጥንቱ ወርዷል፣ የቀረው ጭረቱ ነው፤ ጭረት ደግሞ ልክ አጥንት እንዳለ ሆኖ ይወጋል። ልዩነቱ የሚታወቀው በጊዜ ነው። ጭረት በ24 ሰዓት ይቀንሳል፣ በ48 ሰዓትም አይብስም። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው እኩል ወይም የባሰ ካመመዎት ተመልሰው ይሂዱ። በሰመመን ከወጣልዎት ደግሞ በዚያ ቀን ማታ ትኩሳት፣ የደረት ሕመም ወይም አንገትዎን ሲዳብሱ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ነገር ከተሰማዎት ሳይነጋ ይመለሱ። ቧንቧው ተበስቶ አየር እየወጣ ሊሆን ይችላል።

ባትሪና ሳንቲም

ሳንቲም የዋጠ ልጅ ራጅ ይነሣል፤ ከአንገቱ ሥር ከቀረ ይወጣል፣ ጨጓራ ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ በሰገራ ያልፋል። ክብ ባትሪ ግን ሳንቲም አይደለም። እርጥብ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ያ ደግሞ ሥጋውን እንደ ኬሚካል ያቃጥለዋል። ጉዳቱ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። በጣም አደገኛው 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው የ3 ቮልት ሊቲየም ነው፤ በመኪና ቁልፍ፣ በትንንሽ ሪሞት፣ በዲጂታል ሚዛን ውስጥ የሚገኘው። ያለቀ ባትሪም ያቃጥላል፣ ስለዚህ አውጥተው መሳቢያ ውስጥ አያስቀምጡ። ልጅዎ «ሳንቲም ውጫለሁ» ቢልም እንኳ ቤት ውስጥ የጎደለ ባትሪ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ራጅ ላይ ባትሪ ጠርዙ ሁለት ቀለበት ሆኖ ይታያል፣ ከጎን ሲነሣ ደግሞ ደረጃ አለው፤ ይህን የሚፈልግ ሐኪም ያገኘዋል። ያልተነገረው ግን ሳንቲም ነው ብሎ ሊያሳድረው ይችላል።

መንገድ ላይ አንድ የሚጠቅም ነገር አለ፣ ማር። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላውና መዋጥ ከቻለ 2 የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው፣ እስከ 6 ጊዜ ይስጡት። ማሩ ባትሪውን ሸፍኖ ቃጠሎውን ያዘገየዋል። ማር ለመፈለግ ግን አይቆዩ፤ ቤት ካለ ይዘው ባጃጅ ላይ ይውጡ። ከማሩ በቀር ምግብም ውሃም የለም፣ ማስመለስም የለም።

ቆሎ

ለሕፃን ቆሎ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፣ እባካችሁ አትስጡ። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ኦቾሎኒ፣ የበቆሎ ፈንድሻ፤ መንጋጋ ጥርስ ያላበቀለ ልጅ እነዚህን ሊፈጭ አይችልም፣ እየሮጠ ወይም እየሳቀ ሲስብ ወደ ሳንባ ይገባሉ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ መከልከል ነው። ምልክቱ ያታልላል። ልጁ ድንገት በኃይል ይስላል፣ ይታነቃል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ቤተሰቡ «ወጣለት» ይላል። ፍሬው ግን ወደ ሳንባ ቱቦ፣ ብዙ ጊዜ ሰፋና ቀጥ ወዳለው ወደ ቀኙ፣ ወርዶ ተቀምጧል። ከቀናት በኋላ በአንድ ወገን የሚያፏጭ ትንፋሽ፣ በአንቲባዮቲክ ተሽሎ የሚመለስ ሳል ወይም የሳንባ ምች ሆኖ ይመጣል። የደረት ራጅ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ፍሬ ራጅ ላይ አይታይም። እየበላ ሳለ ታንቆ ነበር የሚለው የእናት ቃል ከራጁ ይበልጣል፤ ስለዚህ ያ ቀን ምን እንደበላ ሳይጠየቁም ይናገሩ። ማውጣቱ በሰመመን፣ በጠንካራ ቱቦ ነው፤ ከባድና የሠለጠነ ቡድን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አፍንጫ

በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚወርድ፣ የሚሸት፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ንፍጥ ያለበት ትንሽ ልጅ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አፍንጫው ውስጥ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ጉንፋን ሁለቱንም ቀዳዳ ነው የሚያፈሰው። ስፖንጅ፣ ወረቀት፣ ባቄላ፣ የማስቲካ ወረቀት፤ ሳምንታት ተቀምጠው የሚገኙ ነገሮች ናቸው።

ቤት ውስጥ ሊሞከር የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የእናት ወይም የአባት ትንፋሽ። ሹል ነገር ካልሆነ። ልጁን ያስቀምጡና «ትልቅ መሳሳም ልስምህ ነው» ይበሉት። ጤነኛውን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣትዎ ይዝጉ፣ አፍዎን በአፉ ላይ ገጥመው ክፍተት እንዳይኖር ያድርጉ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱበትና ትንሽ የመግፋት ስሜት ሲሰማዎት አንዴ አጠር አድርገው እፍ ይበሉ። ነገሩ በንፍጥ ታጅቦ ወደ ፊት ይወጣል ወይም ይታያል። ከሁለት ሦስት ሙከራ በላይ አይሂዱ። ባትሪ ከሆነ አንድ ጊዜም ጊዜ አያባክኑ፣ የጨው ውሃም አይጨምሩ፤ ፈሳሽ ቃጠሎውን ያፋጥናል፣ በሰዓታት ውስጥ የአፍንጫ መከፋፈያውን ይበሳል። በጣትና በወረንጦ መሞከር ክብ ነገርን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል። ሐኪሙ ክብ ነገርን በፎርሴፕስ አይይዝም፤ እንደ እርጥብ ሳሙና ያመልጣል። ጫፉ የታጠፈ መንጠቆ ከላይ አሻግሮ ከኋላው ያሳርፍና ወደ ፊት ይስበዋል።

ከገጠር ለሚመጡ አንድ ቃል። ከምንጭ ወይም ከኩሬ ቀጥታ የጠጣ ሰው የማያባራ ነስር፣ አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ወይም ድንገት የመጣ የድምፅ መጎርነን ካለው አልቅት ይጠረጠራል። አይጎትቱት፤ ተቆርጦ ይቀራል፣ ይደማል። በማደንዘዣ አደንዝዞ አላቆ ማውጣት የሐኪሙ ሥራ ነው።

ጆሮ

የትልቅ ሰው የጆሮ ቱቦ ርዝመት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውጪኛው ሲሶ ለስላሳ ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ቆዳው እንደ ወረቀት ቀጭን ሆኖ አጥንት ላይ ተለጥፏል። እዚያ የደረሰ እንጨት ያማል፣ ያደማል፣ ቀጥሎ ያለው ታምቡር ነው። ኩክን በጥጥ እንጨት ማውጣትም ያው ነው፣ ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ ወደ ታምቡሩ ይጠቀጠቃል።

በሕይወት ያለ ነፍሳት ከገባ መጀመሪያ መግደል ነው፣ የሚያስጨንቀው መንቀሳቀሱ ነውና። በጎን ይተኙ፣ የታመመው ጆሮ ወደ ላይ። ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት (ለሕፃን ወደ ታችና ወደ ኋላ)፣ ንጹሕ የምግብ ዘይት ወይም የሕፃናት ዘይት ቀዳዳው እስኪሞላ ያንጠባጥቡ፣ 10 ደቂቃ ይተኙ። ዘይቱ እጅዎ ውስጥ ለብ ከማለት በላይ አይሞቅ። ጆሮው ከዚህ በፊት መግል ይፈስ ከነበረ፣ ታምቡሩ ተበስቷል ከተባለ ወይም ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ምንም አይጨምሩ። የሞተው ነፍሳት ካልወጣ በማግስቱ ሐኪም ያወጣዋል።

ባቄላ፣ ምስር፣ በቆሎ ከሆነ ግን ውሃ እንዳይነካው። ፍሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ቱቦውን ይሞላል፣ በማግስቱ ከገባበት ሁለት እጥፍ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ባትሪ ላይም ምንም ፈሳሽ የለም። ጤና አዳም ጨምቆ መጨመርና ቅጠሉን መወተፍ በሰፊው ይደረጋል፤ ቅጠሉ ራሱ ሁለተኛ ሥራ ሆኖ ሐኪሙ ጋ ይመጣል። ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ልጁን ጭንዎ ላይ ያስቀምጡት፤ በአንድ ክንድዎ ሁለት እጆቹን፣ በሌላው ግንባሩን ደረትዎ ላይ ይያዙ፣ እግሮቹን በጉልበትዎ መሐል ያጥብቁ። እንዳይጎዳ ልቀቁት ማለት አይረዳም፤ መንጠቆው ጆሮ ውስጥ እያለ አንዴ ካነቃነቀ ታምቡር ይቀደዳል። ሐኪሙ ሁለት ጊዜ ሞክሮ «በሰመመን እናውጣው» ካለ ያ አለመቻል አይደለም። የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማወቁ ከሙያው ዋናው ነው።

የት መሄድ

የጤና መድን መታወቂያ ካለዎት ለማይቸኩለው ነገር ከጤና ጣቢያዎ ይጀምሩና ሪፈር ያጽፉ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ቢሄዱ መድኑ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍንልዎት ይችላል። ጤና ጣቢያ ወይም አዳሬ ሆስፒታል ቶንሲል ላይ በግልጽ የሚታይ አጥንት፣ ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ያለ ወረቀት ሊያወጡ ይችላሉ። ባትሪ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ምራቅ የማይወርድለት ሰው ግን ቀጥታ ሰዉ «ሪፈራል» የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወሰደው። የግል ክሊኒክ የሚመርጡ ከሆነ አስቀድመው ደውለው ስፔሻሊስቱ የሚገባበትን ቀንና ሰዓት ይጠይቁ፤ የክሊኒኩ ስም ላይ ጆሮ አፍንጫ ጉሮሮ ስለተጻፈ በየቀኑ አለ ማለት አይደለም። ይዘው የሚሄዱት ከገባው ነገር ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ነው፦ ከዚያው ማሸጊያ የቀረ ባትሪ፣ ከዚያው ክር የወጣ ጨሌ፣ ከዚያው ሳህን የተረፈ አጥንት። መጠኑን ያየ ሐኪም መሣሪያውን አስቀድሞ ይመርጣል።

ከአንድ አፍንጫ አንድ ቦሎቄ ያወጣ ልጅ ሌላው አፍንጫና ሁለቱም ጆሮ ውስጥ ሌላ ሊኖረው ይችላል፤ አራቱም ቀዳዳ ሳይታይ ከክፍሉ አይውጡ።